የሚታየው ሰውና የተሰወረው ሰው በልብ ወለድ ድርሰት

መግቢያ

ሰው ሁሉ በአደባባይ የሚታወቅበት መልክና ስም አለው። ከዚህም ሌላ እርሱና ፈጣሪው ብቻ የሚያውቁት የውስጥ ሰውነት አለው። ሁለቱ ሲስማሙ ሰውየው ዕረፍት ያገኛል፤ ሲለያዩ ግን በመካከላቸው ጠብ ይነሣል፤ ጠቡም ድምፅ ስለሌለው ጎረቤት አይሰማውም። ይህን የማይሰማ ጠብ ለሌላው ሰው እንዲሰማ ካደረጉት የጥበብ ሥራዎች አንዱ ልብ ወለድ ድርሰት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት የታወቁ ድርሰቶች ይመረመራሉ። አንደኛው አሜሪካዊው ናታንኤል ሃውቶርን ጽፎ በ1850 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ቀዩ ፊደል» ነው። ሁለተኛው ሩሲያዊው ሊዮ ቶልስቶይ ከ1890 እስከ 1898 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የጻፈውና እርሱ ከሞተ በኋላ በ1911 እ.ኤ.አ. የታተመው «አባ ሰርግዮስ» ነው። ሦስተኛው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ደርሰው በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

እነዚህ ሦስቱ የተመረጡበት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው ዋና ባለ ታሪክ ሰባኪ ነው፤ የሁለተኛው መነኩሴ ነው፤ የሦስተኛው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው። ስለዚህ ደቀ መዝሙር ሲያነባቸው የራሱን ቀሚስና ቆብ፥ ተሳላሚም ሲያነባቸው የራሱን ዓይን ያገኝባቸዋል። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

፩ኛ፤ ልብ ወለድ ለዚህ ነገር ለምን ተመቸ?

ዜና መዋዕል ንጉሡ ያደረገውን ይጽፋል፤ ገድል ጻድቁ የተጋደለውን ይተርካል፤ ዳኛም በችሎት የሚመረምረው የተሠራውንና የተነገረውን ነው። የሰው አሳብ ግን ሥራና ቃል ከመሆኑ በፊት በልብ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ልብ ወለድ ደራሲ ባለ ታሪኩን ራሱ ስለፈጠረው ወደዚያ መመላለሻ ለመግባት ፈቃድ አለው። ሰውየው በአደባባይ ሲሰግድ ያሳየናል፤ ወዲያውም ሲሰግድ ምን እያሰበ እንደ ሆነ ይነግረናል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንባቢው እንዲያነጻጽር ያደርጋል።

የቅኔ ቤት ተማሪ ለዚህ ዓይነቱ ንባብ እንግዳ አይደለም። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን መፈለግ ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ነው። ይሁን እንጂ አንድ ልዩነት አለ። በቅኔ ከሰሙ ሥር ያለው ወርቅ መሆኑን ተማሪው አስቀድሞ ያውቃል፤ በሰው ግን ከሰሙ ሥር ምን እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። አንዳንድ ጊዜ ወርቅ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜ አፈር ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱ ተቀላቅለው ይገኛሉ።

በአማርኛም ልብ ወለድ ገና ሲጀመር ይህ ነገር አብሮት ነበረ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፥ ዛሬ በሰፊው «ጦቢያ» የሚባለው፥ ሴት ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ስትንከራተት የሚተርክ ነው። የሚያያት ሁሉ ወንድ ናት ብሎ ያስባል፤ የሆነችውን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ በሚታየውና በተሰወረው መካከል የተሠራ ነው።

፪ኛ፤ «ቀዩ ፊደል»፤ እውነት ተናግሮ ያልታመነው ሰባኪ

የዚህ ድርሰት ታሪክ የሚፈጸመው በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፥ ከእንግሊዝ አገር ወደ አሜሪካ የተሰደዱ የፒዩሪታን እምነት ተከታዮች በቆረቆሩት በቦስተን ከተማ ነው። ሔስተር ፕሪን የምትባል ባለ ትዳር ሴት ባሏ በሌለበት ልጅ ትወልዳለች። ዳኞቹም በመቀጫው መድረክ ላይ ሦስት ሰዓት እንድትቆምና ኃጢአቷን የሚያስታውቅ አንድ ቀይ ፊደል በደረቷ ላይ ለዕድሜዋ ሙሉ እንድትሸከም ይፈርዱባታል። የልጁ አባት አርተር ዲምስዴል የሚባለው ወጣት ሰባኪ ነው። ሕዝቡ ግን ይህን አያውቅም፤ ይልቁንም እንደ መልአክ ያየዋል። እንዲያውም በዚያ ቀን በሕዝብ ፊት ሴቲቱን «የልጅሽን አባት ስም ተናገሪ» ብሎ እንዲመክራት የታዘዘው ራሱ ዲምስዴል ነበረ። እርሱም መከራት፤ እርስዋም እንቢ አለች።

ከዚህ በኋላ በሰባቱ ዓመታት ውስጥ የሁለቱ ሕይወት በተለያየ መንገድ ይሄዳል። የሔስተር ኃጢአት በደረቷ ላይ ተጽፎ ስለሚታይ የምትሰውረው ነገር የላትም። በመርፌ ሥራዋ ትኖራለች፤ ድሆችን ትረዳለች፤ በሽተኞችን ታስታምማለች። ቀስ በቀስ ሕዝቡ ያን ፊደል የነውር ምልክት አድርጎ ማየቱን ትቶ የጥንካሬዋና የርኅራኄዋ ምልክት አድርጎ ይተረጉመው ጀመር። የዲምስዴል ኃጢአት ግን በውስጥ ስለ ተቀበረ ይበላዋል። በሌሊት ይተጋል፤ ይጾማል፤ በስውር ራሱን በጅራፍ ይገርፋል። ይህ ሁሉ ቅጣት ነበረ፤ ሆኖም ሰው ራሱን መቅጣቱና ንስሐ መግባቱ አንድ ነገር አይደሉም። ቅጣቱን የሚሰጠውም የሚቀበለውም እርሱ ብቻ ስለ ነበረ ከምስጢሩ ቤት አንድ እርምጃ እንኳ አላወጣውም።

ከድርሰቱ ሁሉ በጣም ሊታሰብበት የሚገባው ክፍል የሚከተለው ነው። ዲምስዴል መናገር አቅቶት ዝም ብሎ የኖረ ሰው አልነበረም። ብዙ ጊዜ ከመስበኪያው ላይ ቆሞ ከኃጢአተኞች ሁሉ የከፋ ኃጢአተኛ መሆኑን ለሕዝቡ ተናግሯል። ቃሉ እውነት ነበረ። ሕዝቡ ግን ይህን ሲሰማ «ይህን ያህል ንጹሕ ሰው ራሱን እንዲህ ካዋረደ እኛማ ምን እንሆን!» እያለ ይበልጥ አከበረው። እርሱም እንደዚህ እንደሚሰሙት እያወቀ ተናገረ። ስለዚህ እውነተኛው ቃል የሐሰት ሥራ ሠራ። ስሙን ለማፍረስ የወረወረው ድንጋይ ስሙን የሚያጸና ካስማ ሆነ። ኃጢአትን በጅምላ መናገርና የሠሩትን ለይቶ መናገር ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ ይታወቃል።

በመጨረሻም ዲምስዴል ለአዲሱ አገረ ገዥ ሹመት በዓል ከስብከቶቹ ሁሉ የበለጠውን ሰብኮ ክብሩ ከፍ ባለበት በዚያው ቀን፥ በመቀጫው መድረክ ላይ ወጥቶ ከሔስተርና ከልጃቸው ከፐርል ጋር ቆመ፤ ኃጢአቱንም ለሕዝብ ገልጦ እዚያው ሞተ። ደራሲው ግን ታሪኩን በዚህ አልጨረሰም። ካዩት ሰዎች አንዳንዶቹ በሰባኪው ደረት ላይ እንደ ሔስተር ያለ ፊደል አየን አሉ፤ ሌሎቹ ምንም አላየንም አሉ፤ የኋለኞቹም ሰባኪው በእነዚያ ክንዶች ላይ የሞተው ሰው ሁሉ ኃጢአተኛ መሆኑን በምሳሌ ለማስተማር ነው ብለው ተረጎሙት። ይኸውም አንዴ የተሠራ ስም ባለቤቱ በሕዝብ ፊት እየሞተ ቢያፈርሰው እንኳ በወዳጆቹ እጅ እንደገና የሚጠገን መሆኑን ያሳያል።

፫ኛ፤ «አባ ሰርግዮስ»፤ በምስጋና የደረቀው ባሕታዊ

ቶልስቶይ በ1901 እ.ኤ.አ. በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ ከምእመናን ኅብረት መለየቱ የተነገረበት ጸሐፊ ነው። ስለዚህ ደቀ መዝሙር የሃይማኖት ትምህርት ከእርሱ ሊወስድ አይገባውም። የሰውን ልብ በመመርመር ረገድ ግን ከእርሱ የሚማረው አለ።

ልዑል ስቴፓን ካሳትስኪ በቀዳማዊ ኒቆላዎስ ዘመን የክብር ዘበኛ መኮንን ነበረ። በሚሠራው ሁሉ አንደኛ ለመሆን የሚታገል፥ ንጉሠ ነገሥቱንም እንደ አምላክ የሚያይ ሰው ነበረ። ሊያገባት የተዘጋጀው እጮኛው አስቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱ ውሽማ እንደ ነበረች ስትነግረው ሁሉን ትቶ መነነ። በዚህ ምናኔ ውስጥ እውነተኛ የእምነት ፍላጎት ነበረበት፤ ደግሞም ከእርሱ በላይ የነበሩትን ሁሉ በአንድ እርምጃ ከታቹ ለማድረግ የሚሻ ትዕቢት ነበረበት። ደራሲው ሁለቱን አልለያያቸውም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ላይ አበቀላቸው።

ሰርግዮስ በሚል ስም መነኰሰ፥ ካህንም ሆነ፥ ኋላም በዋሻ ተዘግቶ ኖረ። አንድ ሌሊት ማኮቭኪና የምትባል ባለጠጋ ሴት ከወዳጆቿ ጋር ተወራርዳ ልታስተው ወደ በዓቱ መጣች። እርሱም ፈተናው በጸናበት ጊዜ የግራ እጁን ጣት በመጥረቢያ ቈርጦ ራሱን አዳነ። ሴቲቱም ደንግጣ ይቅርታ ጠይቃ ሄደች፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ገዳም ገባች። ይህ ድል ከሰው የተሰወረ ቢሆን ኖሮ መልካም በሆነ ነበር። ግን ወሬው ወጣ። የ14 ዓመት በሽተኛ ልጅ እናት ለምና ለምና ጸለየላት፤ ልጁም ዳነ። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ከሩቅ አገር ይጎርፍ ጀመር።

እዚህ ላይ ቶልስቶይ ዝና በመነኩሴ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። በመጀመሪያ ሰዎች በእውነት ተቸግረው ይመጣሉ፤ እርሱም በእውነት ያዝንላቸዋል። ቀጥሎ የገዳሙ አለቆች ተሳላሚው ገንዘብ የሚያመጣ መሆኑን አይተው የእንግዳ ቤት ይሠራሉ፤ ሰው የሚቀበልበትን ቀን ይወስናሉ፤ ሕዝቡ ገፍቶ እንዳይጥለው አጥር ያበጁለታል። ከዚያም እርሱ ራሱ ለብቻው የሚጸልይበት ጊዜ እያነሰ፥ ሰው የሚያየው ጊዜ እየበዛ ይሄዳል። በመጨረሻ ድካሙን እያማረረ በውስጡ ግን መወደሱ ደስ ይለዋል፤ ሲባርክ የሚታይበትን መልክ ያስባል። አንድ ጊዜ የገበሬ ልብስ አዘጋጅቶ ለመጥፋት አስቦ ነበር፤ ግን «ለሰዎች አስፈላጊ ነኝ» እያለ ቀረ። ከውጭ የሚታየው ባሕታዊ በየቀኑ እያደገ፥ ከውስጥ የነበረው ሰው በየቀኑ እየደረቀ ሄደ።

ስለዚህ አንድ ነጋዴ በሽተኛ ልጁን ይዞለት በመጣ ጊዜ፥ በበረታበት ዘመን በመጥረቢያ ያሸነፈውን ፈተና አሁን ያለ ትግል ተሸነፈለት። ልብ ማለት የሚገባው፥ ውድቀቱ በዚያች ሌሊት አለመጀመሩ ነው። በምስጋናው ውስጥ ብዙ ዓመት ሲወድቅ ኖሮ በዚያች ሌሊት መሬት ነካ።

ጸጉሩን ቈርጦ የገበሬ ልብስ ለብሶ ሸሸ። ራሱን ለማጥፋት እስኪያስብ ድረስ ተስፋ በቈረጠ ጊዜ በልጅነቱ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅባት የነበረችውን ፓሼንካን በሕልም አየ፤ ወደ እርስዋም ሄደ። ፓሼንካ አሁን ያረጀች ድሃ ሆናለች። የሙዚቃ ትምህርት እያስተማረች ልጇን፥ የታመመ አማቿንና የልጅ ልጆቿን ታኖራለች። ልብሷ የተቀዳደደ ስለ ሆነ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ታፍራለች፤ ራሷንም እንደ መጥፎ ሴት ትቈጥራለች። ሰርግዮስ ሕይወቷን ጠይቆ ከሰማ በኋላ እርሱ በእግዚአብሔር ስም ለሰው ዓይን ሲኖር፥ እርስዋ ለሰዎች የምትኖር እየመሰላት ለእግዚአብሔር መኖሯን ተረዳ። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ እየለመነ ሄደ። አንድ ቀን በመንገድ ያለፉ መኳንንት ሀያ ኮፔክ መጸወቱት፤ እርሱም ተቀብሎ አብሮት ለነበረ ዕውር ሰጠ፤ ማንነቱ ስላልታወቀም ደስ አለው። መታወቂያ ወረቀት ስላልነበረው ተይዞ ወደ ሳይቤሪያ ተላከ፤ በዚያም በአንድ ገበሬ አትክልት ቦታ እየሠራ፥ ልጆች እያስተማረ፥ በሽተኞች እያስታመመ ኖረ።

፬ኛ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»፤ ስም በወገን ሲጫን

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው ያደጉ ናቸው። ከጣልያን እስር ከተመለሱ በኋላም በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ቆንስል ሆነው ስላገለገሉ የዚህች ከተማ ተሳላሚ በስማቸው ሊደሰት ይገባዋል።

በዚህ ድርሰት የሚታየው መልክ ከሁለቱ ይለያል። ዲምስዴል ስሙን ራሱ ጠበቀ፤ ሰርግዮስም ዝናውን ራሱ ወደደ። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ሰዎቹ ገና ሳይናገሩ ስማቸው ተሠርቶ ይጠብቃቸዋል። በዛብህ የድሃ ገበሬ ልጅ ሲሆን እናቱ ለእግዚአብሔር አገልግሎት በብፅአት የሰጠችው ነው። ቅኔ የተማረ፥ ድምፁ ያማረ ቢሆንም በፊታውራሪ መሸሻ ቤት እርሱ አስተማሪ እንጂ ሰው አይደለም። ሰብለ ወንጌልም የፊታውራሪ ልጅ በመሆኗ የአባቷ የዘር ኩራት የሚመጥናት ባል አጥቶ ዕድሜዋ ያልፋል። ሁለቱ በፊደሉ ፊት አስተማሪና ተማሪ ሆነው ይታያሉ፤ በልባቸው ግን ይዋደዳሉ።

ፊታውራሪ መሸሻ ራሳቸው በስማቸው ውስጥ የታሰሩ ናቸው። ልጃቸውን አይወዱም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሁልጊዜ ፊታውራሪ መሆን ስላለባቸው አባት የሚሆኑበት ጊዜ አያገኙም። ሰው በማዕረጉ ብቻ ሲኖር የገዛ ቤተ ሰቡ እንኳ የሚያገኘው ማዕረጉን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ጉዱ ካሳ ነው። ካሳ ዳምጤ የተማረና አስተዋይ ሰው ሲሆን፥ የዘር ኩራትንና የድሃን በደል ስለሚነቅፍ መንደሩ «ጉዱ» ብሎታል። እብድ መባሉ ያሰበውን እንዲናገር ነፃነት ሰጥቶታል። ነገር ግን ያው ስም የተናገረውን ሁሉ ከንቱ ያደርግበታል፤ ምክንያቱም የሚሰማው የለም። እዚህ ላይ ጉዱ ካሳና ዲምስዴል፥ በጠባይ ሰማይና ምድር ቢሆኑም፥ ይገናኛሉ። አንዱ እውነት ሲናገር «ትሕትናው ነው» ይባላል፤ ሌላው እውነት ሲናገር «እብደቱ ነው» ይባላል። በሁለቱም ዘንድ ሕዝቡ የሰማው ቃሉን ሳይሆን ስሙን ነው።

ሰብለ ወንጌል ደግሞ መነኩሴ መስላ ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ ሄደች። በሞት አፋፍ ላይ ሳለ አገኘችው፤ ከሞተ በኋላም በእውነት መነኰሰች። መሸሸጊያ ሆኖ የተለበሰው ልብስ በኋላ የሕይወቷ እውነት ሆነ። ይህን ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

፭ኛ፤ ሦስቱ ሲነጻጸሩ

አንደኛ፥ የአደባባይ ምስል በሁለት ወገን እጅ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግብዝነት ሲባል ጥፋቱ የባለ ስሙ ብቻ ይመስላል። ሦስቱ ድርሰቶች ግን የተመልካቹንም ድርሻ ያሳያሉ። የቦስተን ሕዝብ ነውር የሌለበት ሰባኪ ፈለገ፤ የሩሲያ ተሳላሚ ተአምር ፈለገ፤ የመንደሩ ሰው እብድ ፈለገ። የፈለጉትን ባዩ ጊዜ ሰውየውን ማየት ተዉ። ስለዚህ ወደ ገዳም የሚመጣ ተሳላሚ በረከት ሲፈልግ መልካም ያደርጋል፤ አንዱን መነኩሴ ከወንድሞቹ ለይቶ በቁሙ ጻድቅ ብሎ ሲያውጅ ግን ሳያውቅ ከሰርግዮስ አጥር አንዱን እንጨት ይተክላል።

ሁለተኛ፥ ምስሉን በአደባባይ በማፍረስ ብቻ ሰው አይድንም። ዲምስዴል ሊያፈርሰው ሲሞክር አጸናው። ያዳናቸው ነገር ቢፈለግ በሦስቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም መልክ ሳያስፈልግ የሚቀርቡት አንድ ሰው ነው። ዲምስዴል ከሰባት ዓመት በኋላ በጫካ ውስጥ ከሔስተር ጋር ሲነጋገር ማንነቱን በምታውቅ አንዲት ሰው ፊት መሆኑ ብቻ እፎይ አሰኘው። ሰርግዮስ ፓሼንካን አገኘ። በዛብህና ሰብለ ወንጌልም ምስጢራቸውን የሚያካፍሉት፥ መንደሩ እብድ ያለውን ጉዱ ካሳን አገኙ። ሦስቱ ረዳቶች በሕዝብ ዘንድ ስም የሌላቸው ናቸው፤ አንዷ አመንዝራ፥ አንዷ ምስኪን፥ አንዱ እብድ ተብለዋል። የሚጠብቁት ስም ስለሌላቸው የሌላውን ሰው ስም ሳያዩ ሰውየውን ማየት ቻሉ።

ሦስተኛ፥ የተሰወረውን ማወቅ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። በ«ቀዩ ፊደል» የሔስተር ባል ሮጀር ቺሊንግዎርዝ ማንነቱን ደብቆ ሐኪም ሆኖ ከዲምስዴል ጋር በአንድ ቤት ይኖራል፤ ምስጢሩንም ይደርስበታል። ዕውቀቱን ግን ለማሠቃያ አደረገው። ሔስተርና ቺሊንግዎርዝ ያወቁት አንድ ነገር ነበረ፤ ልዩነቱ አንዷ በምሕረት፥ ሌላው በበቀል ማወቃቸው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የንስሐ አባት የተሠራው ስለዚህ ነው፤ የሠሩትን ለይተው የሚነግሩት፥ የሰማውን የማያወጣ፥ ከሰማም በኋላ የማይንቅ ሰው ያስፈልጋልና። ፒዩሪታኖች እንዲህ ያለ ሥርዓት ስላልነበራቸው ዲምስዴል በሙሉ ሕዝብና በባዶ ጓዳ መካከል ሌላ ቦታ አጣ።

አራተኛ፥ የሚታየው ሁሉ ሐሰት፥ የተሰወረው ሁሉ እውነት ነው ማለት ስሕተት ነው። ሔስተር በግድ የተጫነባትን ፊደል በብዙ ዓመት የምሕረት ሥራ ትርጉሙን ለወጠችው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ወደ ቦስተን በፈቃዷ ተመልሳ ማንም ሳያስገድዳት እንደገና ለበሰችው። ሰብለ ወንጌልም ለመሸሸጊያ የለበሰችውን ልብስ በእውነት ኖረችበት። ስለዚህ የምንኵስና ልብስ የለበሰ ወጣት ውስጡ ገና ከልብሱ ያነሰ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ግብዝ ነኝ ብሎ ልብሱን መጣል አይገባውም። ልብሱ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን ሳይክድ በየቀኑ መክፈል ይችላል። ግብዝነት የሚጀምረው ከልብሱ ማነስ ሳይሆን፥ ዕዳው ተከፍሏል ብሎ ለሰው ከማሳየት ነው።

፮ኛ፤ ለአንባቢ የሚሆን ጥንቃቄ

ልብ ወለድ ማንበብ የለመደ ሰው አንድ አደጋ ይገጥመዋል። የዲምስዴልን ልብ ከፍቶ ስላየ የጎረቤቱንም ልብ ማየት የቻለ ይመስለዋል። በማኅበር ጸሎት አጠገቡ የቆመውን ወንድም አይቶ «ይህ በውስጡ ሌላ ነው» ማለት ይጀምራል። ነገር ግን የሰርግዮስን አሳብ ያወቅነው ደራሲው ስለነገረን ነው፤ የወንድማችንን አሳብ የነገረን የለም። ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ በእሴይ ቤት ቁመትና መልክ አይቶ ሊቀባ ባሰበ ጊዜ ፍርዱ እንዳልቀና እግዚአብሔር አስተምሮታል። እንግዲህ አንባቢው ያገኘውን መመርመሪያ በሌላው ላይ ከማንሣቱ በፊት በራሱ ላይ ሊሞክረው ይገባል፤ የራሱን ጓዳ የሚገባበት ቁልፍ በእጁ ነውና።

እንደዚሁም ደቀ መዝሙር በሕይወቱ መልክ ሳያስፈልገው የሚቀርበው አንድ ሰው እንዳለው ራሱን ይጠይቅ። ካለው ያመስግን፤ ከሌለው ዝናው ሳይበዛ፥ ቆቡም ሳይከብድ ይፈልግ። ሰርግዮስ ፓሼንካን የፈለጋት ከወደቀ በኋላ ነው፤ እርስዋ ግን ያን ሁሉ ዘመን በሕይወት ነበረች።

ለማጥናት የሚረዱ ጥያቄዎች

፩. ዲምስዴል በመስበኪያው ላይ የተናገረው እውነት ሆኖ ሳለ ሕዝቡን ለምን አሳሳተ?

፪. በሰርግዮስ ምናኔ ውስጥ የእምነቱንና የትዕቢቱን ድርሻ ለይታችሁ አስረዱ።

፫. «እብድ» የሚለው ስም ለጉዱ ካሳ የሰጠውና የነሣው ምንድን ነው?

፬. ሔስተርና ቺሊንግዎርዝ ስለ ዲምስዴል ያወቁት አንድ ነገር ሲሆን ፍሬው የተለያየው ስለ ምንድን ነው?

፭. የሰብለ ወንጌልን ልብስ ከሔስተር ፊደል ጋር አነጻጽሩ፤ የሚታይ ምልክት ወደ እውነት የሚለወጠው በምን መንገድ ነው?